በአስቤስቶስ የታመመ ሠራተኛ ካሳ የሚጠይቀው እንዴት ነው?

አስቤስቶስ የተባለው ቃጫ መሰል ማዕድን እሳትን ስለሚቋቋም በመርከብ ግንባታ፣ በማሞቂያ ቱቦ ሽፋን፣ በጣሪያ ክዳንና በፍሬን ሸራ ለረጅም ዘመን ሲያገለግል ኖሯል። ሲቆረጥ ወይም ሲፈርስ የሚበተነው ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ሳንባን በጠባሳ የሚያደድረው አስቤስቶሲስ፣ የሳንባ ካንሰርና ሜሶቴሊዮማ የተባለው የሳንባ ሽፋን ካንሰር ከዚሁ ይመጣሉ። ሜሶቴሊዮማ ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ከ20 እስከ 50 ዓመት ቆይቶ በመሆኑ፣ ካሳ ጠያቂውን ከሁሉ በላይ የሚፈትነው ያለፈን ነገር ማስረዳት ነው።

መጀመሪያ፣ ለሐኪምዎ የቀድሞ ሥራዎን ሳይጠየቁ ይንገሩ፤ የበሽታውን ስም፣ የሲቲ ስካንና የናሙና ምርመራ ውጤቱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። ሲጋራ አጭሰው ከሆነ አይደብቁ። ሲጋራና አስቤስቶስ ተደምረው የሳንባ ካንሰርን አደጋ በብዙ እጥፍ ያባብሳሉ እንጂ ማጨስዎ ብቻውን አሠሪውን ከኃላፊነት ነፃ አያወጣም።

ቀጥሎ የሥራ ታሪክዎን ከመጀመሪያው መሥሪያ ቤት ጀምረው ይጻፉ። ለዚህ ጊዜ አይቆጥቡ፤ ብዙ ጉዳይ የሚጸናውም የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው ክፍል፣ ምን ዓይነት ዕቃ ይቆርጡ ወይም ያፈርሱ እንደነበር፣ አቧራው ምን ያህል እንደነበር፣ ጭንብል ተሰጥቶዎት እንደሆነ፣ ስለ አደጋው የነገረዎት ሰው ካለም ይግለጹ። የቅጥር ደብዳቤ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ የጡረታ መዋጮ መዝገብና የሥራ ቦታ ፎቶግራፍ ይሰብስቡ፤ አብረውዎት የሠሩ ሰዎች በሕይወት ሳሉም ምስክርነታቸውን ያስጽፉ። የሠራተኛውን ልብስ ስታጥብ ብናኙን የተነፈሰች ሚስትም ልትታመም ትችላለች፤ የእርሷም ታሪክ እንዲሁ ይመዝገብ።

ከዚያ በእንዲህ ዓይነት ጉዳይ ልምድ ያለው ጠበቃ ሳይዘገዩ ያማክሩ። የይርጋው ዘመን (ክስ ማቅረብ የሚቻልበት የጊዜ ገደብ) እንደየአገሩ ይለያያል፤ ለምሳሌ በእንግሊዝ በመደበኛው 3 ዓመት ሲሆን፣ የሚቆጠረውም ታማሚው በሽታውንና ምክንያቱን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን ነው። ድርጅቱ ተዘግቷል ብለው ተስፋ አይቁረጡ፤ የቀድሞው መድን ሰጪ ሊጠየቅ ይችላል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1982 የኪሳራ አቤቱታ እንዳቀረበው የአስቤስቶስ ዕቃ አምራች ጆንስ ማንቪል ካሉ ኩባንያዎች የተቋቋሙ የካሳ ፈንዶች አሉ፤ ብሪታንያም አሠሪውም ሆነ መድን ሰጪው ሊገኝ ላልቻለ የሜሶቴሊዮማ ታማሚ እ.ኤ.አ. በ2014 የክፍያ ሥርዓት ዘርግታለች።

ሕመሙ ከበረታ ጠበቃው የታማሚውን ቃል አስቀድሞ እንዲያስመዘግብ ይጠይቁ፤ በብዙ አገሮች ወራሾች ክሱን መቀጠል ይችላሉ። የስምምነት ሰነድ ከመፈረምዎ በፊት ደግሞ፣ ወደፊት የከፋ በሽታ ቢከተል እንደገና ለመጠየቅ የሚያስችል መሆን አለመሆኑን ጠበቃው በጽሑፍ ያረጋግጥልዎ።