የማያውቁት የኦንላይን ግዢ ከካርድዎ ሲቀነስ

በዶላር የሚሠራ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ይዘው ከሐዋሳ ሆነው ከውጭ የሚገዙ ከሆነ፣ አንድ ቀን ስቴትመንትዎ ላይ «ይሄ ደግሞ ማነው?» የሚያሰኝ ስም ማየትዎ አይቀርም። ስሙ እንግዳ ሆነ ማለት ግን ተሰረቁ ማለት አይደለም። እዚያ የሚወጣው ነጋዴው ለካርድ ክፍያ ያስመዘገበው ስም ነው። ቦታው 22 ወይም 25 ፊደል ብቻ ስለሚይዝም ተቆራርጦ ይመጣል።

በአንድ ሁኔታ ብቻ ስም ሲፈቱ ጊዜ አያጥፉ። አንድ ዶላር፣ ሁለት ዶላር እያለ በተከታታይ ተቀንሶ ከዚያ ትልቅ ገንዘብ ከወጣ፣ ሌባ ካርዱ መሥራቱን ሲሞክር ነበር ማለት ነው። ወዲያውኑ በባንኩ አፕ ወይም በስልክ ካርዱን ያሳግዱ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኛ ከሆኑ 951 ይደውሉ። ለዚህ ቅርንጫፍ እስኪከፈት መጠበቅ አያስፈልግም።

አለበለዚያ ስሙን ይፍቱት። መሃሉ ላይ የኮከብ ምልክት ካለ፣ ከኮከቡ በፊት ያለው ክፍያውን ያስተላለፈው ድርጅት፣ ከኋላው ያለው ሻጩ ነው። ፔይፓል የሚለው ስም በዚህ መልክ ይመጣል። «ኤስ.ኪው» ከሆነ ስኩዌር የተባለው የክፍያ ድርጅት ነው፤ «ኤስ.ፒ» ብሎ የሚጀምር ብዙውን ጊዜ ሾፒፋይ በተባለው የኦንላይን ሱቅ መክፈቻ የተከፈተ ሱቅ ነው። ኤ፣ ኤም፣ ዜድ፣ ኤን የሚሉት አራት ፊደላት አማዞን ናቸው። አጠገባቸው ያለው «ደብሊው.ኤ» ዋሽንግተን ማለት ነው፤ እሱም ከተማው ሳይሆን የአማዞን ዋና መሥሪያ ቤት ያለበት ክፍለ ግዛት ነው።

ቀጥሎ መጠኑን ያመሳክሩ፤ በብር ሳይሆን በዶላር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን ያዘዙበት ቀንና ሂሳቡ የተወራረደበት ቀን ዋጋ ይለያያል፤ የባንኩ ኮሚሽንም ይጨመርበታል። አማዞን ደግሞ የሚያስከፍለው እቃው ሲላክ ነው። የ46 ዶላር ትዕዛዝ በሁለት ካርቶን ከተላከ 29.50 እና 16.50 ሆኖ በተለያየ ቀን ሊቀነስ ይችላል፤ 46 የሚል መስመር ቢፈልጉ አያገኙም። ቀኑም ያሳስታል። ስቴትመንቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ሐዋሳ ላይ ጠዋት 3 ሰዓት ያዘዙት የአማዞን ዋና መሥሪያ ቤት ባለበት ሲያትል ላይ ገና የትናንት ማታ ነው። ስለዚህ ከፊትና ከኋላ ሦስት አራት ቀን ጨምረው ኢሜይልዎን ይፈትሹ።

በብዛት የሚረሳው በነጻ ሙከራ የተጀመረ ወርሃዊ ክፍያ ነው። የአማዞን ፕራይም 30 የሙከራ ቀናት ሲያልቁ ማንም ሳይጠይቅዎ ይቆርጣል። ልጆች ስልክዎ ላይ የገዙትን ጨዋታም ይጠይቁ። ካርድ ለሌለው ወዳጅ ወይም እቃ ለሚያስመጣ ሱቅ ከፍለው ከነበረ፣ ካርድዎ እነሱ አካውንት ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ነገር ለባንኩ «ማጭበርበር ነው» ብሎ ለማስረዳት አስቸጋሪ ነው፤ መጀመሪያ እነሱን አነጋግረው ካርዱን ያስጠፉ።

ነጋዴውን ካወቁት መጀመሪያ ለእሱ ይጻፉ፤ የትዕዛዝ ቁጥሩን፣ ቀኑንና መጠኑን ጠቅሰው። የጻፉትንም መልሱንም ፎቶ ያንሱ፤ ባንኩ ይጠይቅዎታል። እምቢ ካለ ወይም ዝም ካለ ወደ ቅርንጫፍዎ ማመልከቻ ይዘው ይሂዱ። ቀላል ነው፦

«ጉዳዩ፦ ያለአግባብ የተቀነሰ ገንዘብ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ። የመጨረሻ 4 አሃዙ … ከሆነው ካርዴ ላይ በቀን … በ… ስም … ዶላር ተቀንሷል። ምክንያቱም…»

ሙሉውን የካርድ ቁጥርና ከጀርባው ያሉትን ሦስት አሃዞች በፍጹም አይጻፉ። በሁለት ኮፒ አዘጋጅተው አንዱ ላይ ቀን፣ ፊርማና ማኅተም ያስደርጉ። «እናሳውቅዎታለን» ተብሎ ያለ ማኅተም የተመለሰ ሰው በኋላ አቤት የሚልበት ወረቀት የለውም።

ምክንያቱን ሲጽፉ ይጠንቀቁ። «አላውቀውም»፣ «ሁለት ጊዜ ተቀነሰ»፣ «እቃው አልደረሰም»፣ «ሰርዤ ነበር» የሚሉት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ማስረጃ አላቸው። እቃው ስላልደረሰ የተናደደ ሰው «አላውቀውም» ብሎ ከሞላ፣ ነጋዴው የገዢውን ኢሜይልና አድራሻ ያቀርብና ይረታዋል። «አልደረሰም» ቢል ኖሮ ደርሷል ብሎ ማስረዳት የነጋዴው ዕዳ ይሆን ነበር። በስልክ የመጣ የማረጋገጫ ኮድ ገብቶ የተከፈለ ከሆነም ክርክሩ ይከብዳል፤ ባንኩ እርስዎ እንደፈቀዱት ይቆጥረዋል።

የቪዛና የማስተርካርድ የጊዜ ገደብ ባብዛኛው 120 ቀን ነው። ረጅም ቢመስልም ይህ ባንኩ ጥያቄውን ለካርድ ድርጅቱ የሚያስገባበት እንጂ እርስዎ ቅርንጫፍ የሚሄዱበት ገደብ አይደለም። ማመልከቻው ሐዋሳ ፒያሳ ካለ ቅርንጫፍ ተነስቶ አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ካርድ ክፍል እስኪደርስ፣ ከዚያም አንድ ማስረጃ ጎደለ ተብሎ እስኪመለስ ሳምንታት ያልፋሉ። ስለዚህ ባዩት ሳምንት ያስገቡ፤ በየሁለት ሳምንቱም ጉዳዩ የት እንደደረሰ ይጠይቁ። ባንኩ በጽሑፍ አቤት ብለውትም ካልመለሰልዎ ማኅተም ያለበትን ኮፒ ይዘው ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ማመልከት ይችላሉ።

በዚህ መሃል «ከባንክ ነው፣ ገንዘብዎን ለመመለስ ኮዱን ይንገሩን» የሚል ስልክ ከመጣ ይዝጉት። ቅሬታቸውን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የሚጽፉ ሰዎችን አድብተው የሚጠብቁ አጭበርባሪዎች አሉ።

ገንዘቡ ተመልሶ ቢገባም ወዲያው አይንኩት። ነጋዴው ማስረጃ አቅርቦ መከራከር ስለሚችል፣ ባንኩ ጉዳዩ መዘጋቱን እስኪነግርዎ ድረስ ተመልሶ ሊቀነስ ይችላል።