በአንድ አምፖል የሆሊውድ ኮከብ፦ የድሮውን የስቱዲዮ ፎቶ ቤት ውስጥ እንዴት ማንሳት ይቻላል

የድሮዋ የሆሊውድ ኮከብ ማርሊን ዲትሪክ ጨለማ ውስጥ ቆማ ወደ ላይ ታያለች። ብርሃኑ ከላይ ፊቷ ላይ ይወርዳል። ጉንጮቿ ስር ጥላ ገብቷል። ‹ሻንጋይ ኤክስፕረስ› ከሚባለው የ1932 ፊልም ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ፊልሙ በቀረጻው ኦስካር ወስዷል። እኔ ግን ሽልማቱን ሳላውቅ ነው እዚያ ፊት ላይ የቀረሁት። አቁሜ አየሁ፣ መልሼ አየሁ። ከዚያ ‹ይሄማ ምን ይከብዳል!› ብዬ እህቴን ወንበር ላይ አስቀመጥኳት።

በጣም ይከብዳል። ግን ውድ አይደለም። የሚፈልገው አንድ መብራትና ትዕግሥት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

አንድ የጠረጴዛ መብራት ወይም ትንሽ ፓውዛ፣ ጥቁር ጨርቅ፣ ነጭ ካርቶን፣ ወንበር፣ ስልክ። ትራይፖድ ከሌላችሁ የመጻሕፍት ቁልል ይበቃል። ሪንግ ላይት የሚባለውን ክብ መብራት የገዛችሁ ደግሞ ከነካርቶኑ አልጋ ስር መልሱት። እሱ ፊትን እኩል ነው የሚያበራው። እኩል የበራ ፊት የመታወቂያ ፎቶ ነው።

1. መጀመሪያ ተመልከቱ

አንድ ጥቁርና ነጭ ፊልም ክፈቱና ድምፁን አጥፉት። የኮከቧ ፊት ስክሪኑን ሲሞላው አቁሙ። የአፍንጫዋ ጥላ የት ወደቀ? ዓይኗ ውስጥ ያለችው ነጭ ነጥብስ የት ናት? ጥላው መብራቱ ከየት እንደመጣ ይነግራችኋል። ነጥቧ ደግሞ የመብራቱ መልክ ናት። ዓይኗን እንደ ሰዓት ብታስቡት፣ ነጥቧ 12 ላይ ከሆነች መብራቱ ፊት ለፊት ከፍ ብሎ ነው የቆመው። ሁለት ነጥብ ካያችሁ ሁለት መብራት ነበር ማለት ነው።

ዲትሪክን ያየ ሰው ጥላውን ከአፍንጫዋ ስር በቀጥታ ያገኘዋል። ክንፏን የዘረጋች ቢራቢሮ ይመስላል። ለዚህ ነው ባለሙያዎቹ የቢራቢሮ መብራት የሚሉት። ፓራማውንት ስቱዲዮ እሷን እንደዚህ ያበራት ስለነበር የፓራማውንት መብራትም ይባላል። ከዳይሬክተሩ ከጆሴፍ ቮን ስተርንበርግ ጋር ሰባት ፊልም ሠርታለች፣ የመብራትን ነገር ከሱ ነው የተማረችው። ኋላ ላይ ካሜራው አጠገብ መስታወት እያስቆመች መብራቷን ራሷ ትቆጣጠር ነበር። ሴትየዋን በመልኳ ብቻ የሚያደንቅ ሰው ይገርመኛል። የመብራት ሠራተኛ የሚያውቀውን ታውቅ ነበር እኮ!

2. ክፍሉን አጨልሙ

ማታ ሥሩ። መጋረጃ ዝጉ፣ የኮሪደሩን መብራት አጥፉ፣ ቴሌቪዥኑንም። ጥቁሩን ጨርቅ ግድግዳው ላይ ስቀሉ። ወንበሩን ከግድግዳው ሁለት እርምጃ ያህል አርቁት፣ አለዚያ የሰውየው ጥላ አብሮት ይነሳል።

3. መብራቱ

እዚህ ጋ እንቆይ። ሌላው ሁሉ ቢበላሽ ይስተካከላል። ይሄ ከተበላሸ ግን ፎቶ የለም።

የመጀመሪያ ቀን ‹ከላይ› ሲባል የገባኝ ጣራው ነበር። እህቴን ከሳሎኑ አምፖል ስር አስቀመጥኳት። ግንባሯ አበራ፣ የአፍንጫዋ ጫፍ አበራ፣ ዓይኖቿ ግን ሁለት ጉድጓድ ሆነው ቀሩ። እናቴ ፎቶውን አይታ ‹ልጄን በቁሟ ገደላችኋት!› አለች። እውነቷን ነው። ከአናት በላይ የተሰቀለ መብራት ሰውን ሬሳ ያስመስላል። መብራቱ ከፊት ሆኖ ነው ከፍ ማለት ያለበት።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ስልኩን በምትነሳዋ ሰው ዓይን ቁመት፣ ፊት ለፊቷ ትከሉ። መብራቱን ከስልኩ ኋላ፣ ልክ በሌንሱ አናት ትይዩ ያዙ። ከፊቷ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይራቅ። የሚይዝላችሁ ሰው ካለ ጥሩ። ከሌለ የመጥረጊያ እንጨት ላይ እሰሩት። አትሳቁ፣ ታላቁ የሆሊውድ ፎቶ አንሺ ጆርጅ ሃሬልም መብራቱን ረጅም ዘንግ ላይ ሰቅሎ ነበር የሚሠራው፣ ማይክራፎን እንደሚሰቀልበት ዓይነት ዘንግ።

አሁን መብራቱን ከዓይኗ ቁመት ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ ውሰዱት። እናንተ ማየት ያለባችሁ አፍንጫዋ ስር ብቻ ነው። መጀመሪያ ምንም ጥላ የለም፣ ፊቷ እንደ ሳህን ዝርግ ነው። ትንሽ ከፍ ሲል አፍንጫዋ ስር ቀጭን ጥላ ብቅ ትላለች። ከፍ ባለ ቁጥር ትረዝማለች። ከዚያ ጉንጯ ስር መጥቆር ይጀምርና የጉንጯ አጥንት ይወጣል። አገጯ አንገቷ ላይ ጥላ ይጥላል። ድንገት ያቺ የምታውቋት ልጅ ሌላ ሰው ትሆናለች። እኔ መጀመሪያ ሲሳካልኝ መብራቱን ይዤ ‹ውይ!› ብዬ ጮህኩ።

ጥላው ከአፍንጫዋ እስከ ላይኛው ከንፈሯ ያለውን መንገድ ግማሹን ሲደርስ ቁሙ። ከንፈሯን ከነካ አልፋችኋል፣ ጢም ይሆናል። እህቴ አንዱ ፎቶ ላይ ቻርሊ ቻፕሊንን ሆና ወጥታለች። እስካሁን ይቅር አላለችኝም።

ሌላው መቆጣጠሪያ ዓይን ነው። መብራቱ ሲወጣ ሲወጣ ያቺ ነጭ ነጥብ ከዓይኗ ትጠፋለች። ነጥቧ ከሌለች ዓይኑ ሞቷል፣ መብራቱን መልሱት። ዓይኑ ገባ ያለ ሰው ከሆነ ደግሞ ሁለት መላ አለ። ወይ አገጩን ወደ መብራቱ ትንሽ ያንሳ፣ ወይ ነጩን ካርቶን ጭኑ ላይ ይያዝ። ብርሃኑ ካርቶኑን መትቶ ሲመለስ ዓይኑን ይከፍተዋል።

ሆሊውድም ከብርሃን ጋር እንዲህ ታግሏል። ተዋናይት ሜርል ኦበሮን በ1937 የመኪና አደጋ ደርሶባት ፊቷ ላይ ጠባሳ ቀርቶ ነበር። የፊልም ቀራጩ ሉሲየን ባላርድ ካሜራው ላይ፣ ሌንሱ አጠገብ ትንሽ መብራት ገጠመ። ከፊት በቀጥታ የሚመጣው ብርሃን ጠባሳውን ሸፈነው። መብራቱ እስከ ዛሬ በስሟ ‹ኦቢ› ይባላል። ሁለቱ በ1945 ተጋቡ። መብራት ይሄንንም ያደርጋል።

አምፖሉ ላይ ምንም ጨርቅ አታድርጉ። ጥርት ያለ ጥላ የምታገኙት ከትንሽና ካልተሸፈነ መብራት ነው። በዚያ ላይ አደጋ አለው። የድሮ ቀራጮች ቀጭን ጨርቅ እየወጠሩ ፊትን ያለሰልሱ እንደነበር አንብቤ፣ እኔ ስቶኪንጉን ፓውዛው ላይ ወጠርኩት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም፣ ቤቱ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። ጨርቁ የሚወጠረው ሌንሱ ላይ ነበር ለካ! በስልክ ሞክሬው ደግሞ ጭጋግ ብቻ ነው የሰጠኝ፣ ባይኖርም አይጎዳም።

4. ቆዳ

ያ ሁሉ የብርሃን ጥበብ ሲሠራ የታሰበው ነጭ ቆዳ ነበር። ጥቁር አሜሪካዊቷ ዘፋኝና ተዋናይ ሊና ሆርን በ1942 ኤም.ጂ.ኤም ስቱዲዮ ስትገባ ራሷን አስመስለው ማንሳት አልፈለጉም። እሷ ስትናገረው እንደኖረችው፣ ጠቆር እንድትል ‹ላይት ኢጂፕሽያን› የተባለ ሜካፕ ተቀመመላት። በኋላ ያንኑ ሜካፕ ነጭ ተዋናዮችን ክልስ ለማስመሰል ተጠቀሙበት።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ብዙ ሰው ፎቶ ሊነሳ ሲል ፓውደር ይከምራል። ተዉት። ጠይም ቆዳ ላይ ውበቱን የሚያወጣው ወዙ ነው። የጉንጩ አጥንት፣ ግንባሩና የአፍንጫው ድልድይ ላይ በጣት ጫፍ ትንሽ ቫዝሊን አስነኩ። መብራቱ እዚያ ያርፋል። ኩልና ሊፒስቲክ ይበቃል።

5. ስልኩ

የኋላውን ካሜራ ተጠቀሙ። የፊተኛው በቅርብ ስለሚያነሳ አፍንጫን ያተልቃል። ራቅ ብላችሁ 2 እጥፍ አቅርቡ። ፍላሽ አይታሰብም። ‹ፖርትሬት› የሚለውን ምርጫም አጥፉ። እኔ በግሌ ጠላቴ ነው፣ አፍሮ ወይም የተፈታ ፀጉር ሲያይ ዳር ዳሩን በመቀስ የቆረጠው ያስመስለዋል። ፊቷ ላይ ጣታችሁን ተጭናችሁ ቆዩና ብርሃኑን ወደ ታች ጎትቱ፣ ጥቁሩ እስኪጠቁር። ስልክ ጨለማ አይወድም፣ ካልተቆጣችሁት ሁሉንም ያበራዋል።

6. ፊቱ

መብራቱ ተስተካክሎ ሰውየው ግን ድርቅ ብሎ ከተቀመጠ ምንም አልሠራችሁም።

መጀመሪያ ሁለቱንም ጎን አንሱ። ሁሉም ሰው የተሻለ ጎን አለው። ተዋናይት ክላውዴት ኮልበርት በግራ ጎኗ ካልሆነ አልነሳም ብላ የቀረጻ ቦታ ሁሉ ለሷ ሲባል ይዘዋወር ነበር፣ ቀኝ ፊቷን ሠራተኞቹ ‹የጨረቃዋ ጨለማ ጎን› ይሉት ነበር። እኔ አልፈርድባትም።

ከዚያ ‹ፈገግ በይ› ማለት አቁሙ። ሎረን ባኮል በ1944 የመጀመሪያ ፊልሟን ስትሠራ ገና የ19 ዓመት ልጅ ነበረች። ፊት ለፊቷ ያለው ዝነኛው ተዋናይ ሃምፍሪ ቦጋርት ነው። ከፍርሃት የተነሳ ጭንቅላቷ ይንቀጠቀጥ ነበር። እንዳይታወቅባት አገጯን ወደ ደረቷ ቀብራ፣ በዓይኗ ብቻ ወደ ላይ ማየት ጀመረች። ዓለም ያበደበት ያ አስተያየት እንዲህ የመጣ ነው። የምታነሷት ሰው ከፈራች አገጯን ዝቅ አድርጋ በዓይኗ ብቻ ትያችሁ። ይሠራል። ግን አገጩ ሲወርድ ጥላው ይረዝማል፣ መብራቱንም ትንሽ ዝቅ አድርጉት።

ግሬታ ጋርቦ ሌላ ዓይነት ናት። ‹ክዊን ክርስቲና› በሚባለው የ1933 ፊልም መጨረሻ መርከብ ላይ ቆማ ሩቅ ታያለች፣ ካሜራው እየቀረበ እየቀረበ ፊቷ ላይ ይቆማል። ዳይሬክተሩ ሩበን ማሙሊያን ምንም እንዳታስብ ነበር ያዘዛት። የሚያያት ሰው ግን የራሱን ሐዘን ያነብባታል። ይሄን ግን ቤት ውስጥ አትሞክሩ። እህቴን ‹ምንም አታስቢ› ስላት የባሰ አሰበች፣ ምድጃው ላይ የተጣደውን ወጥ።

እኔን የሠራልኝ ወሬ ነው። ባለፈው ፋሲካ አክስቴን አነሳኋት። ከሰባ በላይ ናት፣ እንደ ፓስፖርት ፎቶ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ወጣት ሳለች አምፒር ሲኒማ ያየችው ፊልም ምን እንደነበር ጠየቅኳት። ዝም አለች። ዓይኗ ከመብራቱ አልፎ ሄደ። ‹ፊልሙን እንጃ› አለች፣ ‹ጫማዬን ግን አስታውሰዋለሁ።› እዚያ ላይ ተጫንኩት።

መብራቱ ባይኖርስ ምን ይቀራል የሚል ሰው ደግሞ የፊልም ኮከቧን የኦድሪ ሄፕበርንን ፎቶዎች ይፈልግ። በመጋቢት 1988 ለዩኒሴፍ የመጀመሪያ ጉዞዋን ያደረገችው ወደ እኛው አገር ነው፣ መቀሌ ወላጅ ያጡ ልጆች ማሳደጊያ ሄዳ ነበር። 58 ዓመቷ ነው። ስቱዲዮ የለም፣ ፀጉሯ ወደ ኋላ ተይዟል፣ ያለው የቀን ፀሐይ ነው። እኔ እነዚያን ፎቶዎች ከሚታወቁት ፊልሞቿ በላይ ቆም ብዬ ነው የማያቸው።

7. ማስተካከልና ማሳተም

ጥቁርና ነጭ አድርጉት፣ ጥቁሩን ትንሽ አጥቁሩ፣ አለቀ። ቆዳ የሚያለሰልሰውን ፊልተር ግን ተጠንቀቁ። ድሮም ይነካካ ነበር አልልም። ሃሬል ተዋናይቷን ጆን ክራውፎርድን ፊቷ ላይ ያለው ጠቃጠቆ እንደታየ ያነሳትና ኋላ ኔጋቲቩ ላይ በእርሳስ ተለቅሞ ይጠፋ ነበር። ግን በእጅ ነው፣ አንድ በአንድ። ፊልተሩ አክስቴን በአንድ ጊዜ የፕላስቲክ አሻንጉሊት አደረጋት።

ስታሳትሙ 20 በ25 ሳንቲሜትር፣ የማያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ይሁን። ሃሬል የሚያነሳበት ትልቁ ኔጋቲቭም ይህን ያህል ነበር። ማተሚያ ቤት ስትሄዱ ‹ቀለሙን እንዳትነኩት› በሉና ኮምፒውተሩ አጠገብ ቁሙ። እኔ ፋይሉን ሰጥቼ ማኪያቶ ልጠጣ ወጣሁ። ስመለስ አክስቴ ከማርሊን ዲትሪክ በላይ ነጥታ ጠበቀችኝ። ልጁ ‹አሳመርኩልህ› አለኝ፣ እንደገና አሳተምኩ፣ ሁለቴም ከፈልኩ።