መጀመሪያ ማሽኑ? ሐዋሳ ላይ የካንሰር ማዕከል ስናስብ የምንሠራቸው ስህተቶች

አክስቴ የምትኖረው አለታ ወንዶ አካባቢ ነው። ጡቷ ላይ እብጠት ስታገኝ ለማንም አልተናገረችም፤ አያምማትም ነበርና። ከወራት በኋላ ለምርመራ ይዘናት ሄድን፤ ናሙና ተወሰደላት። ውጤቱን ስንጠብቅ ስንጠብቅ ከርመን ናሙናው ጠፍቷል ተባልን። እንደገና ተወሰደ። ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከሐዋሳ እንኳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወረፋ፣ የዘመድ ቤት ፍራሽ።

እኔ የባዮሜዲካል ባለሙያ ነኝ። እንጀራዬ የሕክምና መሣሪያ መጠገን ነው። የጨረር ሕክምና በአገራችን ከሃያ ዓመት በላይ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር የሚሰጠው። ወደ ክልል ይውረድ ሲባል ከተመረጡት ከተሞች አንዷ ሐዋሳ ናት። ይህ ወሬ በተነሳ ቁጥር ሰው የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ማሽኑ ገባ?» ስህተቱም እዚህ ጋ ይጀምራል።

ከማሽኑ መጀመር

ከካንሰር ታካሚዎች ግማሽ ያህሉ በሕመማቸው አንድ ወቅት ላይ ጨረር ያስፈልጋቸዋል። ብዙ ነው። ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ከጨረር በፊት የሚያስፈልጋቸው ፓቶሎጂ ነው። ሥጋው በማይክሮስኮፕ ታይቶ «ካንሰር ነው፣ ዓይነቱም ይህ ነው» ካልተባለ ኬሞም (የካንሰር ሕዋሳትን የሚገድለው መድኃኒት) ጨረርም በግምት ይሆናል።

ፓቶሎጂ ደግሞ ማይክሮስኮፕና ሐኪም ብቻ አይደለም። ናሙናው እንደተቆረጠ በቂ ፎርማሊን፣ ማለትም እንዳይበሰብስ የሚያቆየው ፈሳሽ፣ ውስጥ መግባት አለበት። ውሃ ውስጥ ከተቀመጠ ወይም ደርቆ ካደረ ይበላሻል። ብልቃጡን በፌስታል ጠቅልሎ በሚኒባስ የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ ቤተሰብ ነው። እኛም እንደዚያ አድርገናል። ስም ያልተጻፈበት ብልቃጥ፣ የፈሰሰ ፎርማሊን፣ ማን ተቀበለው ማን ሰጠው የማይታወቅበት መዝገብ፤ እነዚህን ለማስተካከል ሚሊዮን ዶላር አያስፈልግም።

የጡት ካንሰር ሲሆን አንድ ምርመራ ይጨመራል። ዕጢው በሆርሞን የሚያድግ መሆን አለመሆኑ ይታያል። በሆርሞን የሚያድግ ከሆነ ታሞክሲፈን የሚባል፣ ዋጋው ከሌሎቹ የካንሰር መድኃኒቶች ጋር ሲነጻጸር ርካሽ የሆነ ክኒን አለ፤ በየቀኑ ለዓመታት ይዋጣል። ምርመራው ከሌለ ሐኪሙ ወይ ገምቶ ይሰጣል ወይ ይተወዋል። የአክስቴ ናሙና ተመርምሮ ክኒኑ እንደሚሠራላት ታወቀ። የመጀመሪያው ናሙና ባይጠፋ ኖሮ ስንት ወር ቀደም ብላ ትጀምር እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

ማሽኑ ሳይመረጥ ሕንፃ መገንባት

የጨረር ክፍል ተራ ክፍል አይደለም። ግድግዳው ኮንክሪት ነው፤ ጨረሩ በቀጥታ በሚያርፍበት በኩል ውፍረቱ ሁለት ሜትርና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ውፍረቱን የሚወስነው የማሽኑ ኃይል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ማሽኑ ይመረጣል፣ ከዚያ የጨረር ባለሙያ ያሰላል፣ ከዚያ ኮንክሪት ይሞላል። ተገላቢጦሽ ከሆነ ወይ ግድግዳው አይበቃም ወይ ማሽኑ በበሩ አይገባም። የአፈሩ ጥናትም የወግ አይደለም። ያን ሁሉ ክብደት ሐይቅ ዳር በተቀመጠች የስምጥ ሸለቆ ከተማ ላይ ነው የምንጭነው።

ስለ ማሽኑ ዓይነት ትንሽ ላውራ፤ የሙያ ነገር ሆኖብኝ ማለፍ አልችልም። ኮባልት-60 የሚባለው ብዙ መብራት አይጠይቅም፣ ጥገናውም ቀለል ይላል። ነገር ግን ጨረሩን የሚያወጣው የኮባልት ምንጭ በየ5.3 ዓመቱ ገደማ ጉልበቱ በግማሽ ይቀንሳል። ዛሬ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ሕክምና ያኔ አሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ ወረፋውም አብሮ ይረዝማል። ምንጩን መቀየር ከባድ ወጪ ነው፤ ያረጀውን ማስወገድም ሌላ ጣጣ። ሊኒየር አክስለሬተር የሚባለው በመብራት ነው የሚሠራው። የጨረሩን መጠንና ቅርጽ ይበልጥ ለመቆጣጠር ያስችላል። ግን የማይዋዥቅ መብራትና ሁልጊዜ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። የኛን መብራት ታውቁታላችሁ። ጄኔሬተር አለን ማለት ብቻውን አይበቃም፤ መብራት ሄዶ እስኪመለስ ባለችው ቅጽበት የሚቃጠል ሰርኪት አይቻለሁ። የጥገና ውሉና የመለዋወጫው ወጪ ግዥው ላይ አብሮ ካልተፈረመ፣ ማሽኑ አንድ ቦርድ አጥቶ ወራት ይቆማል። ሲመረቅ ሪቫን የቆረጠው ሰው ያኔ አይኖርም።

ባለሙያ መጨረሻ ላይ መፈለግ

ሜዲካል ፊዚሲስት የሚባል ሙያ መኖሩን ብዙ ሰው አያውቅም። ጠዋት ጠዋት ታካሚ ሳይገባ የማሽኑን መጠን የሚለካው፣ የእያንዳንዱን ሰው ሕክምና የሚያሰላው እሱ ነው። ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ሁለተኛ ዲግሪ፣ ከዚያም ሁለት ዓመት ያህል የሆስፒታል ልምምድ ይጠይቃል። ቁፋሮ ሲጀመር ያልተላከ ሰው ምረቃው ላይ አይደርስም። ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ቀጥሮ መቀመጥ አይቻልም። እሱ ከታመመ ወይ ካገባ ሆስፒታሉ ሊዘጋ ነው?

ታካሚው የት እንደሚያድር አለማሰብ

የማህፀን ጫፍ ካንሰር ያለባት ሴት የውጭ ጨረሯን ብዙውን ጊዜ በሳምንት አምስት ቀን፣ 25 ጊዜ ያህል ትወስዳለች። አምስት ሳምንት ነው። ከዚያ ከውስጥ የሚሰጥ ጨረር ይከተላል፤ የዚያ መሣሪያ አብሮ ካልተገዛ ሕክምናው ጎዶሎ ነው። ሁሉም በስምንት ሳምንት ውስጥ ቢያልቅ ይመረጣል፤ ሲጓተት ካንሰሩ ጊዜ ያገኛል።

አሁን ሴትዮዋ ከበንሳ ወይም ከአርባ ምንጭ መጣች እንበል። አምስት ሳምንት ሐዋሳ አልጋ ማን ይከፍልላታል? ምግቡ፣ ባጃጁ፣ አብሯት የመጣው አስታማሚ? የቡና ለቀማ ሲደርስ ደግሞ ባሏም ልጇም ይሄዳሉ። እሷም ትከተላቸዋለች። ጨረሩ ይቋረጣል። አዲስ አበባ እንደ ማቲዎስ ወንዱ ሶሳይቲ ያሉ ማኅበራት ከክፍለ ሀገር የሚመጡ ታካሚዎችን ያሳርፋሉ። ሐዋሳ ላይ ማረፊያው ከማሽኑ ጋር በአንድ በጀት ይግባ ባይ ነኝ። ሃያ አልጋና አንድ ማብሰያ ቤት፣ ሌላ ምንም አልጠይቅም።

ሆስፒታል ቁጭ ብሎ መጠበቅ

እዚህ ላይ አጭር ነኝ፣ ብዙ ስለተባለ። የማህፀን ጫፍን በአሴቲክ አሲድ ቀብቶ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቆ ማየት የሠለጠነች ነርስ ጤና ጣቢያ ላይ የምትሠራው ሥራ ነው። ቦታው ከነጣ ወደ ካንሰር ሊሄድ የሚችል ለውጥ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ሊታከም ይችላል። የማህፀን ጫፍ ካንሰርን የሚከላከለው የልጃገረዶች ክትባትም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ይሰጣል። ማዕከሉ ከጤና ጣቢያዎቹ ጋር በስልክና በሪፈር ካልተያያዘ የሚደርሱለት ዘግይተው የመጡ ሰዎች ናቸው።

ለእነሱም ቢሆን የሚደረግ ነገር አለ። የሚጠጣ ሞርፊን፣ ከባድ ሕመም የሚያስታግስ መድኃኒት። ውድ አይደለም። «ሱስ ያስይዛል» ብለው የሚፈሩት ሐኪሞችም አሉ፤ በዚህ መሐል ሰው ሌሊቱን ሲጮህ ያድራል። ማዕከሉ ሲከፈት ሞርፊን ከሌለ አልተከፈተም ነው የምለው።

ለቤተሰብ ነግሮ ለታማሚዋ መደበቅ

ይህን ስህተት የሠራነው እኛው ነን። አክስቴ ከአማርኛ ይልቅ ሲዳምኛ ይቀላታል። ሐኪሙ በአማርኛ ሲናገር እኔ ነበርኩ አስተርጓሚው። «ካንሰር» የሚለውን ቃል ሳልተረጉመው አለፍኩ። ወንድሞቼም «ደግ አደረግህ» አሉኝ። ኬሞውን «የእብጠቱ መድኃኒት» አልናት። የሠለጠነ አስተርጓሚ ቢኖር ኖሮ፣ ቤተሰብ ያልሆነ፣ ይህ አይሆንም ነበር።

ሁለተኛውን ኬሞ ከወሰደች በኋላ አንድ ቀን ሻሿን አውልቃ አሳየችኝ። «እናንተ ዝም ብትሉም ጸጉሬ ነግሮኛል» አለች።

አሁን ሐኪም ጋ ስንገባ መጀመሪያ የምትጠይቀው እሷ ናት። እኔ እንደ ቀድሞው አስተረጉማለሁ።