«ኮንግረስ ገባ» ከማለታችሁ በፊት፦ ስለ ጥንቱ የአሜሪካ ግዛት ምክር ቤት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስለ አሜሪካ መሥራቾች በአማርኛ የተጻፈ ነገር ሳነብ አንድ ዓረፍተ ነገር ቶሎ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፦ «ከነጻነት በኋላ ኮንግረስ ገባ»። ብዙ ጊዜ ግን ሰውየው የገባው የሁሉም ግዛቶች የጋራ ጉባኤ የሆነው ኮንግረስ ሳይሆን የግዛቱ ምክር ቤት ነው። እኔም ተሳስቼ አውቃለሁ፤ ስለዚህ አልፈርድም። እዚያ የሚኖር አበሻ ብዙ ስለሆነ በቨርጂኒያ ልጀምር። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮንግረስን ከላይ፣ ግዛቱን ከታች ማድረግ። ዛሬ እውነት ይመስላል። ያኔ ግን ቶማስ ጀፈርሰን የነጻነት መግለጫውን በጻፈበት በዚያው በ1776 ዓ.ም. ኮንግረስን ትቶ ዊሊያምስበርግ ወደሚገኘው የቨርጂኒያ የተወካዮች ምክር ቤት ተመለሰ። ከሹመት መውረድ እንዳይመስላችሁ። ሥራው ያለው እዚያ ነበር። አገረ ገዢውን በየዓመቱ የሚመርጠው የግዛቱ ምክር ቤት ነው። ወደ ኮንግረስ የሚላኩትንም ሰዎች የሚመርጠው እሱ ነው። አገረ ገዢው ደግሞ የወጣ ሕግ የመሻር ሥልጣን አልነበረውም። በቨርጂኒያ ሕግ የሚመነጨውም ከታችኛው፣ ማለትም ከተወካዮች ምክር ቤት ብቻ ነበር፤ ላይኛው ምክር ቤት፣ ሴኔቱ፣ የገንዘብ ሕግ ላይ አንዲት ቃል መቀየር አይችልም።

«ለረጅም ዘመን እንደራሴ ነበር» ብሎ መደምደም። የተወካዮች ምክር ቤት ወንበር የሚቆየው አንድ ዓመት ብቻ ነው። በ1776 ዓ.ም. የተቀመጠ ሰው በ1777 ዓ.ም. ላይኖር ይችላል። ጄምስ ማዲሰን የደረሰበት ይኸው ነው። በዘመኑ ልማድ ተወዳዳሪ በምርጫው ቀን ለመራጩ መጠጥ ይጋብዛል። ማዲሰን አልጋብዝም አለ። ተቀናቃኙ ጋበዘ። ማዲሰን ተሸነፈ! ኋላ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የሆነው ሰው በመጠጥ ግብዣ ወንበሩን አጣ። ወደዚያ ምክር ቤት የተመለሰው በ1784 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ «ከ1776 እስከ 1786 ዓ.ም. አባል ነበር» ብሎ የሚጽፍ ሰው በመሃል ያለውን ክፍተት ዘሎታል።

ምርጫውን የዛሬው ዓይነት አድርጎ ማሰብ። ኮሮጆ የለም፤ ሚስጥርም የለም። መራጩ ሸሪፉ ፊት ቆሞ የሚመርጠውን ሰው ስም ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ጸሐፊው ይመዘግባል። ተወዳዳሪው ብዙ ጊዜ እዚያው ሆኖ ይሰማል፣ የመረጠውንም ያመሰግናል። ያልመረጠውንም ያያል ማለት ነው። ለመምረጥ ነጭ ወንድ መሆንና መሬት መያዝ ያስፈልግ ነበር፤ ለምሳሌ ቤት ያለበት 25 ኤከር፣ ማለትም 10 ሄክታር ገደማ። ተመራጩም በሚወከለው ካውንቲ፣ ማለትም ወረዳ፣ የሚኖር ባለመሬት መሆን አለበት። ቄስ ግን፣ የየትኛውም ሃይማኖት ይሁን፣ መመረጥ አይችልም ነበር።

የዛሬን ካርታ ይዞ መፈለግ። ታዋቂው አቅኚ ዳንኤል ቡን ሲባል ሰው የሚያስበው ኬንታኪን ነው። እውነት ነው፤ ግን ኬንታኪ ራሱን የቻለ ግዛት የሆነው በ1792 ዓ.ም. ነው። በ1781 ዓ.ም. ቡን ከዚያ አካባቢ ተመርጦ የቨርጂኒያ ምክር ቤት አባል ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የእንግሊዝ ፈረሰኞች ምክር ቤቱ የተሰበሰበበትን ሻርለትስቪልን ወረሩ። ጃክ ጁየት የሚባል ሰው ሌሊቱን 65 ኪሎ ሜትር ያህል ጋልቦ ስላስጠነቀቀ አብዛኞቹ አመለጡ። ቡን ግን ተያዘ፤ በኋላ ተለቀቀ።

ሁሉም ግዛት እንደ ቨርጂኒያ ነው ማለት። ይሄ አጭር ነው። ፔንስልቬንያ እስከ 1790 ዓ.ም. ድረስ አንድ ምክር ቤት ብቻ ነበራት፤ ሴኔት የሚባል ነገር የለም። እዚያ አንድ ሰው በሰባት ዓመት ውስጥ ከአራት ዓመት በላይ አባል መሆን አይችልም ነበር።

የተገኘ ሁሉ ፈልጎ ተገኘ ብሎ መቁጠር። መስከረም 1787 ዓ.ም. ፊላዴልፊያ፣ የፔንስልቬንያ ምክር ቤት። አዲሱን የፌዴራል ሕገ መንግሥት የሚያጸድቅ ጉባኤ ይጠራ አይጠራ እየተባለ ነው። ሐሳቡን የተቃወሙት አባላት ቀሩ። ምልዓተ ጉባኤ ለመሙላት 46 ሰው ያስፈልጋል፤ ሁለት ጎደለ። በማግስቱ ሕዝቡ ከቀሩት አባላት ጄምስ መካልሞንትንና ጄኮብ ማይሊን ካረፉበት ቤት ጎትቶ አመጣቸው። መካልሞንት ያለፈቃዴ ነው የመጣሁት፣ ልቀቁኝ አለ። ያለፈቃድ የቀረ አባል የሚከፍለው አምስት ሽልንግ መሆኑ ሲነገር እጁን ኪሱ ከትቶ ገንዘቡን አወጣ። አዳራሹ ሳቀ። በሩ ላይ የቆመው ሕዝብ ግን ሊያሳልፈው አልፈለገም። ቁጥሩ ሞላ፤ ድምፅ ተሰጠ።