የፍጥነት ትኬት ሲደርሳችሁ፦ መክፈል ወይስ መከራከር? (ለዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ነጂዎች)

በዚህ አካባቢ አንድ አበሻ ትኬት ከደረሰው ሁለት ዓይነት ምክር አያጣም። አንዱ "ከፍለህ ተገላገል" ይለዋል። ሌላው "ኮርት ሂድ፣ ፖሊሱ ካልመጣ ይሰረዝልሃል" ይለዋል። ሁለቱም ልክ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ችግሩ መካሪው ትኬቱን ሳያየው ነው የሚመክረው።

ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ትንሹ ጣጣ ነው። ዋናው ጥያቄ መንጃ ፈቃዳችሁ መዝገብ ላይ ምን ይገባል የሚለው ነው፤ ምክንያቱም ኢንሹራንሱም፣ ኡበሩም፣ የጭነት መኪና አሠሪውም የሚያዩት መዝገቡን ነው።

1. ማን እንደጻፈው እዩ

በፖስታ ከመጣና ፎቶ ካለው የካሜራ ነው። የካሜራ ትኬት በሦስቱም ቦታ መንጃ ፈቃድ ላይ ፖይንት (የጥፋት ነጥብ) አያስይዝም። ቨርጂኒያ ውስጥ ካሜራው የሚተከለው ትምህርት ቤት አካባቢና የመንገድ ሥራ ያለበት ቦታ ሲሆን ቅጣቱም ከ100 ዶላር አይበልጥም። ሜሪላንድ (የመንገድ ሥራ ካለበት ቦታ ውጭ) ድሮ ለሁሉም 40 ዶላር ነበር፤ ከጥቅምት 2025 (በፈረንጆች) ወዲህ ግን እንደ ፍጥነቱ ከ40 እስከ 425 ዶላር ይደርሳል። ዲሲ ውስጥ ከተፈቀደው ፍጥነት ከ11 እስከ 15 ማይል ላለፈ 100 ዶላር ነው፣ ከዚያ በላይ ይጨምራል።

እንግዲህ ፖይንት ከሌለው፣ መኪናውም የእናንተ ከሆነ፣ የሚከራከሩበት ነገር ጥቂት ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ግን በትኬቱ ቁጥር ኦንላይን ገብታችሁ ፎቶውን አስፍታችሁ እዩት። ታርጋው ላይ አንዲት ፊደል ተሳስታ ሊሆን ይችላል። መኪናው ጭራሽ የእናንተ ሞዴል ላይሆን ይችላል። መኪናውን ሸጣችሁት ወይም ተሰርቆባችሁ ከነበረ የሽያጩን ወይም የፖሊሱን ወረቀት አያይዛችሁ ተከራከሩ። ቨርጂኒያ ደግሞ ሌላ ሰው ሲነዳው ከነበረ ባለቤቱ በመሐላ ቃል ማስረዳት ይችላል። ከዚህ ውጭ ያለውን ከፍሎ መገላገል ነው።

ብቻ ዝም አትበሉ። "የዲሲ ካሜራ ለቨርጂኒያ ታርጋ ምን ያመጣል" የሚባለውን ብዙ ሰው አምኖ ተጎድቷል። ዲሲ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጣችሁ ቅጣቱን እጥፍ ያደርገዋል። 60 ቀን ያለፋቸው ሁለት ያልተከፈሉ ትኬቶች ካሉባችሁ መኪናችሁ ዲሲ ቆሞ ሲገኝ ጎማው ላይ ብረት ይታሰርበታል። ከ2024ቱ ሕግ ወዲህ ደግሞ የከተማዋ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ከሌላ ስቴት የሚመጡ አስቸጋሪ ነጂዎችን እየከሰሰ ነው።

2. ፖሊስ አስቁሞ የጻፈው ከሆነ፣ ሳታነቡ እንዳትከፍሉ

በተለይ ቨርጂኒያ። ኦንላይን መክፈል ጥፋቱን ማመን ነው። ክሱ እዚያው ያልቃል፣ መዝገባችሁ ላይም ይገባል። ፖሊሱ ፊት መፈረም ግን ማመን አይደለም፣ በቀጠሮው እቀርባለሁ ማለት ነው። ስለዚህ ፊርማው አያስጨንቃችሁ።

ወረቀቱ ላይ ሦስት ነገር ፈልጉ፦ የተያዛችሁበትን ፍጥነት፣ የመንገዱን ልክና የሕጉን ቁጥር። 46.2-862 የሚል ካያችሁ ቁጭ በሉ፤ ይሄ ተራ የፍጥነት ትኬት አይደለም፣ ሪክለስ ድራይቪንግ (አደገኛ አነዳድ) ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ከተፈቀደው 20 ማይል ወይም ከዚያ በላይ ያለፈ፣ ወይም መንገዱ የፈለገውን ቢፈቅድ ከ85 በላይ የነዳ፣ በወንጀል ነው የሚከሰሰው። እስከ 12 ወር እስርና 2,500 ዶላር ቅጣት አለበት። 55 በሚለው መንገድ 75 መንዳት ይበቃል። 70 በሚለው ሃይዌይ ላይ ደግሞ 86 ከነዳችሁ፣ ያለፋችሁት 16 ማይል ብቻ ሆኖም ሪክለስ ነው። ከሌላ ስቴት የሚመጣ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚያዘው። ሪክለስ ኦንላይን አይከፈልም፣ ጠበቃ መያዝ ያለባችሁም ለዚህ ነው። የኢሚግሬሽን ጉዳይ ያለው ሰውማ የስደት ሕግ የሚያውቅ ጠበቃም ያናግር።

3. ምን እንደምታጡ አስሉ

ቨርጂኒያ እስከ 9 ማይል ላለፈ 3 ፖይንት፣ ከ10 እስከ 19 ላለፈ 4፣ 20ና ከዚያ በላይ ላለፈ 6 ትይዛለች። ፖይንቱ በሁለት ዓመት ይወርዳል። ጥፋቱ ግን መዝገብ ላይ 5 ዓመት፣ ሪክለስ ከሆነ 11 ዓመት ይቆያል። ኢንሹራንሳችሁ በወር 30 ዶላር ቢጨምር በሦስት ዓመት ስንት እንደሚሆን ራሳችሁ አስሉት፤ ከዚያ የጠበቃ ዋጋ ውድ አይመስላችሁም።

ሲዲኤል (የጭነት መኪናና የመሳሰሉትን የንግድ መኪናዎች መንጃ ፈቃድ) ያላችሁ ለብቻ አስቡ። በጭነት መኪና 15 ማይልና ከዚያ በላይ ማለፍ በፌዴራል ሕግ ከባድ ጥፋት ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለቴ ከተፈረደባችሁ 60 ቀን፣ ሦስቴ ከሆነ 120 ቀን ከሥራ ውጭ ናችሁ። "የአነዳድ ትምህርት ቤት ግባና ይሰረዝልህ" የሚባለውም ለእናንተ አይሠራም፣ በግል መኪናችሁ ብትያዙም እንኳ። ሲዲኤል ያለው ሰው ሳያማክር ባይከፍል ይሻለዋል፣ እኔ እዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

4. ወስኑ

መዝገባችሁ ንጹሕ ከሆነና ያለፋችሁት ትንሽ ከሆነ፣ ቨርጂኒያ ላይ ኮርት መቅረብ ያዋጣል፤ ለመካድ ሳይሆን ለመጠየቅ። ብዙ ዳኞች የ8 ሰዓቱን የአነዳድ ትምህርት ወስዶ ለመጣ ሰው ያቀሉለታል፣ አንዳንዴም ይሰርዙለታል። የሚወስነው ዳኛው ነው፣ መብት አይደለም።

ሜሪላንድ በ30 ቀን ውስጥ ከሦስት አንዱን ትመርጣላችሁ፦ መክፈል፣ ዌቨር ሂሪንግ መጠየቅ፣ ወይም ትራያል (ሙሉ ክርክር) መጠየቅ። "ፖሊሱ ካልመጣ" የሚባለው ምክር የሚሠራው ትራያል ላይ ነው። ዌቨር ከመረጣችሁ ጥፋቱን አምናችሁ ምክንያታችሁን ነው የምታስረዱት፣ ፖሊሱም አይጠራም። እሱም ቢሆን መጥፎ አይደለም፤ መዝገቡ ንጹሕ የሆነ ሰው ፒቢጄ የሚባለውን (ዳኛው ጥፋተኛ ብሎ ሳይፈርድ በአመክሮ የሚያልፍበትን) ካገኘ ፖይንት አይያዝበትም።

ቨርጂኒያ ላይ ግን ፖሊሱ ይቀራል ብላችሁ አትተማመኑ። ቀጠሮው የተያዘው እሱ ኮርት በሚመጣበት ቀን ነው፤ ብዙ ትኬት ይዞ ገብቶ ሁሉንም በአንድ ጠዋት ይጨርሳል።

5. ተዘጋጁ

ዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት) ሂዳችሁ ወይም ኦንላይን መዝገባችሁን አውጡ። መኪናችሁ አሮጌ ከሆነ ወይም የጎማውን መጠን ቀይራችሁ ከነበረ ጋራዥ ወስዳችሁ የፍጥነት መለኪያው በትክክል እንደሚያነብ አስለኩ፤ ቨርጂኒያ ውስጥ በመሐላ የተረጋገጠውን ውጤት ፍርድ ቤቱ በማስረጃነት ይቀበላል። መለኪያው ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ የሚያነብ ከሆነ ጥሩ ምክንያት ነው። የራዳሩ ምርመራ ወረቀትም ከ6 ወር በላይ ካስቆጠረ ቨርጂኒያ ላይ አይሠራም። ፖሊሱ ይዞት እንደሆነ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ትኬቱ በተጻፈ ሰሞን ከማታውቋቸው ጠበቆች ደብዳቤ ይጎርፍላችኋል። አትደንግጡ፣ ስማችሁን ከፍርድ ቤቱ ዝርዝር ላይ ነው የሚያገኙት። ሁለት ሦስቱ ጋ ደውላችሁ ዋጋ አወዳድሩ፣ ያን ፍርድ ቤት ምን ያህል እንደሚያውቁትም ጠይቁ።

6. ኮርት ስትቀርቡ

ቀደም ብላችሁ ድረሱ፣ ደህና ልብስ ልበሱ፣ ስልክ አጥፉ። አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ ፍርድ ቤቱ በነጻ ያቀርባል፤ ግን ቀደም ብላችሁ ደውላችሁ አስመዝግቡ። የ14 ዓመት ልጃችሁን ለማስተርጎም አትውሰዱ።

ዳኛው "ጥፋተኛ ነህ ወይስ አይደለህም?" ሲላችሁ አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው በመልሱ ነው። "ጥፋተኛ አይደለሁም፣ 70 ብቻ ነበር የምነዳው" ብሎ 55 በሚለው መንገድ ላይ የተያዘ ሰው ራሱ መስክሮ ጨረሰ። "ሁሉም እንደዚያ ነበር የሚነዳው" ማለትም ያው ማመን ነው። መከራከር ከፈለጋችሁ በመለኪያው፣ በምልክቱ ወይም በመኪናው ማንነት ተከራከሩ። ምሕረት ከፈለጋችሁ ደግሞ አጭር አድርጉት፦ "ጥፋቴን አምናለሁ፣ መዝገቤ ይኸው፣ ትምህርቱን ወስጃለሁ፣ እንዲቀልልኝ እጠይቃለሁ።" ሁለቱን ካቀላቀላችሁ አንዱንም አታገኙም።

ቨርጂኒያ ላይ ፍርዱ ካልተዋጠላችሁ በ10 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ትችላላችሁ፤ ሰርኪዩት ኮርት (በላይ ያለው ፍርድ ቤት) ጉዳዩን እንደ አዲስ ያየዋል። ግን ሪክለሱ ወደ ተራ ፍጥነት ወርዶላችሁ ከሆነ ቅጣቱ ትንሽ በዛ ብላችሁ ይግባኝ አትሞክሩ። እንደ አዲስ ይታያል ማለት የወረደላችሁም ተመልሶ ሊነሣ ይችላል ማለት ነው።