ሐረር ሆናችሁ የጥንት ክመሮችን ታሪክ እንዴት ታውቃላችሁ?

ስለ ጥንት ክመሮች፣ ዛሬ ካምቦዲያ በምትባለው አገር ትልቅ መንግሥት ስለነበራቸው ሕዝቦች ማለቴ ነው፣ ማወቅ ከፈለጋችሁ ከነገሥታቱ ስም አትጀምሩ። አብዛኛው በ"ቫርማን" ስለሚያልቅ ሦስተኛው ላይ ስትደርሱ ይምታታባችኋል። ከጀጎል ጀምሩ።

መጀመሪያ ግንቡን በእግር ዙሩት። ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጥንታዊ በሮቹ አምስት ናቸው። የክመሮቹ ከተማ አንግኮር ቶምም በሯ አምስት ነው፤ ግን ከአራቱ ጎኖቿ አንዱ ብቻ 3 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከሸዋ በር ተነስታችሁ ጀጎልን ዞራችሁ ስትመለሱ፣ እዚያ ቢሆን ገና ሁለተኛውን ጎን መጀመራችሁ ነው። ያሠራት 7ኛው ጃያቫርማን በ1181 የነገሠ ነው። የእኛ ላሊበላ ዘመን ማለት ነው! እኛ ጋ ዐለት ሲፈለፈል፣ እዚያ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተደረበ የባዮን ቤተ መቅደስ ማማዎች ላይ ግዙፍ ፊቶች ይቀረጹ ነበር።

ቀጥሎ በጠዋት ገበያ ውጡ። ዦው ዳግዋን የሚባል ቻይናዊ በ1296 ከመልእክተኞች ጋር የክመሮቹ ዋና ከተማ አንግኮር ገብቶ አንድ ዓመት ያህል ተቀምጦ ነበር፤ ያየውን ጽፎታል። ንግዱን የያዙት ሴቶች ናቸው ይላል። ሱቅ የላቸውም፣ መሬት ላይ አንጥፈው ይሸጣሉ፣ ቀትር ላይ ገበያው ይበተናል። ሸዋ በር ላይ አትክልታቸውን ዘርግተው የተቀመጡትን እናቶች እያያችሁ አስቡት። የባዮን ግድግዳ ላይም ይኸው ኑሮ ተቀርጿል፤ አሣ የሚያጠምደው፣ ዶሮ የሚያዋጋው፣ ምግብ የሚያበስለው። ፎቶዎቹን በስልካችሁ ፈልጋችሁ አንድ በአንድ እያጎላችሁ እዩ።

ውሃው ላይ ስትደርሱ ግን አትቸኩሉ፣ ለእኔ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። ክመሮች የዝናብና የወንዝ ውሃ የሚያጠራቅሙባቸው "ባራይ" የሚባሉ ሰፋፊ ግድቦች ሠርተዋል። የምዕራቡ ባራይ ብቻ ርዝመቱ 8 ኪሎ ሜትር፣ ወርዱ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዓመት ግን ለዓመታት የዘለቀ ድርቅ መጣ፣ በመሃል ደግሞ ኃይለኛ ዝናብ እየጣለ ጎርፉ ቦዮቹን ሰባበራቸው፤ ድርቁንና ዝናቡን ተመራማሪዎች ያወቁት ዛፍ ግንድ ውስጥ በየዓመቱ የሚጨመረውን ቀለበት ስፋት ለክተው ነው። በ1431 ዛሬ ታይላንድ በምትባለው አገር የነበረው የአዩታያ መንግሥት ጦር አንግኮርን ያዘ። ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ጦሩ ብቻ ነው። የሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ ጀሪካን ይዞ የተሰለፈ የሐረር ሰው፣ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሲመጣ ያየ የድሬ ልጅ ግን ውሃው ምን ያህል እንደሚያዳክም ማንም ሊነግረው አያስፈልግም።

ስለ ዘመን አቆጣጠርም አንድ ነገር ያዙ። እዚህ የጻፍኳቸው ዓመታት በፈረንጅ ናቸው። የክመሮቹ የድንጋይ ጽሑፎች ግን ሳካ በሚባለው የህንድ የዘመን አቆጣጠር ስለሚቆጥሩ፣ ወደ ፈረንጅ ለመመለስ 78 ደምሩ። 605 የሚል ካገኛችሁ 683 ነው። ይህን ዓመት የያዘው ድንጋይ ላይ መሃል ያለችው ዜሮ በነጥብ ተጽፋለች፤ በዓለም ላይ ዓመታቸው ከሚታወቅ ጥንታዊ ዜሮዎች አንዷ ናት።