ጥገኛ ተርቦችን ስንለይ የምንሳሳታቸው ነገሮች፣ ከጎመን ማሳ እስከ ማይክሮስኮፕ

ባለፈው ጥቅምት አቃቂ ወንዝ ዳር አንድ የጎመን ማሳ ውስጥ ሳምፕል እየሰበሰብኩ የማሳው ባለቤት ቅጠሉን እየገለበጡ ነጭ ነጭ ነገር በጥፍራቸው ሲጨፈልቁ አየኋቸው፣ እማማ ምንድነው እሱ ስላቸው "የትሉ እንቁላል ነዋ ልጄ፣ ሳይፈለፈል ልቅደመው ብዬ" አሉኝ። ቅጠሉን ተቀብዬ በእጅ ሌንሴ አሳየኋቸው። ከስንዴ ፍሬ የምታንስ ነጭ የሐር ጥቅልል ናት፣ አጠገቧ ደግሞ የተኮማተረ የትል ቆዳ ተለጥፏል። ያ እንቁላል ሳይሆን ኮኩን ነው፣ ውስጡ ያለው ትሉን ከውስጥ በልቶ የወጣ የተርብ ልጅ ነው፣ ኮቴሲያ የሚባለው የጥገኛ ተርብ ወገን፣ ጥገኛ ተርብ ማለት ልጆቿ የሌላ ነፍሳት አካል እየበሉ የሚያድጉ ተርብ ናት። "ውይ በሞትኩት፣ ስንቱን ጨፈለቅኩት!" ብለው እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

ይሄን ስህተት ገበሬ ብቻ አይደለም የሚሰራው፣ ተማሪዎችም "የእንቁላል ብዛት" ብለው ቆጥረው ሲመዘግቡት አይቻለሁ። የጎመን ትል እንቁላል ግማሽ ሚሊሜትር እንኳን አትሞላም፣ ቢጫ ናት፣ የቅጠሉ ጅማት ዳር ለጠፍ ብላ ነው የምትገኘው። ሐር ካያችሁ በቃ እንቁላል አይደለም።

ሁለተኛውና እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ስህተት የሰበሰቡትን አንድ ላይ መደባለቅ ነው። እኔ ራሴ ስጀምር ተርብ ወግቷቸው የደረቁ ክሽክሾችን (ቅጠል ላይ ተሰብስበው ጭማቂውን የሚመጡ ደቃቅ ነፍሳት) ከጎመንም ከባቄላም 30 ምናምን ለቅሜ አንድ ብርጭቆ ውስጥ ጨመርኳቸው፣ በሳምንቱ ሶስት አይነት ተርብ ወጣ፣ ግን የትኛው ከየትኛው ክሽክሽ እንደወጣ የሚነግረኝ ነገር አልነበረም፣ ሳምፕሉ በሙሉ ከንቱ ሆነ። የጥገኛ ተርብ ስም ግማሹ ያለው ከማን ውስጥ ወጣ በሚለው ላይ ነው። ተርቧን እያያችሁ ብትውሉ መልኳ ብቻውን ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ አንድ ክሽክሽ አንድ ዕቃ፣ አንድ ትል አንድ ዕቃ። ለክሽክሽ ባዶ የመድሃኒት ካፕሱል በጣም አሪፍ ነው፣ አንዷን ከነቅጠሏ ቆርጣችሁ ትከቷታላችሁ፣ ላዩ ላይ ቁጥር፣ ደብተር ላይ ደግሞ ተክሉ፣ ቦታው፣ ቀኑ።

ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደምናገር በጎመን ትሉ ላሳያችሁ፣ ያቺ ክንፏን ስትከድን ጀርባዋ ላይ የአልማዝ ቅርጽ የምታሳየው ትንሽዬ የእሳት ራት ልጅ ማለቴ ነው። ትሉ ድሩን ሳይሰራ ሞቶ አጠገቡ አንድ ነጭ ኮኩን ካለ ወደ ኮቴሲያ ታስባላችሁ። ትሉ ያቺን መረብ የመሰለች ድሩን ሰርቶ ከጨረሰ በኋላ ከውስጧ ሌላ ጥቅጥቅ ያለ ቡናማ ኮኩን ከታየ ዲያዴግማ ሊሆን ይችላል፣ ከሱ አንድ ቀጭን ረጅም ተርብ ይወጣል። ከአንድ ፑፓ (ትሉ ወደ እሳት ራት ለመቀየር ተሸፍኖ የሚቆይበት ደረጃ) ብዙ ደቃቅ ጥቋቁር ተርቦች ግር ብለው ከወጡ ደግሞ ኡማይዘስን ጠርጥሩ። ሶስቱም ከአንድ አይነት ትል ነው የሚወጡት፣ ሶስቱም የተለያየ ቤተሰብ ናቸው፣ ብርጭቆ ውስጥ ከተደባለቁ ግን ይሄ ሁሉ መረጃ ይጠፋል። አንዳንዴ ደግሞ ተርብ ስትጠብቁ ዝንብ ይወጣል፣ ትል የሚገድሉ ጥገኛ ዝንቦችም አሉ፣ ክንፍ ቁጠሩ፣ ዝንብ ሁለት ተርብ አራት። ክንፍ አልባ ተርቦችም እንዳሉ ግን አትርሱ፣ ጌሊስ የሚባሉት ሴቶቻቸው ብዙዎቹ ክንፍ ስለሌላቸው ጉንዳን ናቸው ተብለው ይጣላሉ።

ከዚህ የሚቀጥለው "የወጣው ተርብ ሁሉ የገበሬ ወዳጅ ነው" ብሎ ማሰብ ነው። የጎመን ክሽክሽን የምትወጋው ዲያሬቲዬላ ራፔ ናት፣ ክሽክሿ ታብጣ ወርቃማ ቡኒ ሆና ቅጠሉ ላይ ደርቃ ትቀራለች። ግን ክሽክሿ ውስጥ ያለችውን ዲያሬቲዬላ ራሷን ፈልገው የሚበሏት ሌሎች ተርቦች አሉ፣ አሎክሲስታ፣ አሳፌስ፣ ዴንድሮሰረስ፣ እነዚህ የጥገኛ ጥገኛ ናቸው። እነሱን ቆጥሮ "ወዳጅ ተርብ በዝቷል" ብሎ ሪፖርት መጻፍ ነገሩን ገልብጦ መናገር ነው። በሌንስ የወጡበትን ቀዳዳ እዩት፣ ዋናዋ ተርብ ስትወጣ ጠርዙ ለስላሳ፣ ክብ፣ በመቀስ የተቆረጠ የሚመስል ቀዳዳ ትታ ነው የምትሄደው፣ ብዙ ጊዜ ክዳኑም እንደ በር ተንጠልጥሎ ይቀራል። የጥገኛ ጥገኛዋ ቀዳዳ ግን ጠርዙ የተቦጫጨቀ፣ ያልተስተካከለ ነው። ይሄ ፍንጭ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም፣ ተርቧን ራሷን ማየት የግድ ነው፣ ግን ማሳ ላይ ቆማችሁ በጣም ይጠቅማችኋል።

በመጠንና በቀለም መለየት ሌላው ነው። ትንሽ ክሽክሽ ውስጥ ያደገች ተርብ ትንሽ ናት፣ ትልቅ ውስጥ ያደገች እህቷ ትልቅ ናት፣ ዝርያቸው ግን አንድ ነው። ቀለምም እንደዛው፣ ብዙ ጥገኛ ተርቦች በብርድ ሲያድጉ ይጠቁራሉ፣ እኛ ደግሞ ያለነው 2,000 ሜትር ገደማና ከዛ በላይ ነው፣ የሱሉልታ ህዳርና የደብረ ዘይት ሚያዝያ አንድ አይደለም። ጥቁሯን አንድ ዝርያ፣ ቢጫዋን ሌላ ዝርያ ያደረገ ሰው ምናልባት የለየው ወቅቱን ነው። ወንድና ሴትም እንዲሁ ያሳስታሉ፣ የአንዱ ዝርያ ወንድና ሴት አንቴናቸው በርዝመትም በቅርጽም ሊለያይ ይችላል፣ ሴቷ ከኋላዋ እንቁላል መጣያ አላት፣ ወንዱ የለውም። ያቺ ረጅም መርፌ እንቁላል መጣያ ናት፣ ሰው ለመውጊያ የተሰራች አይደለችም፣ አትፍሯት።

ታዲያ ምን እንይ? ክንፍ። ሁለቱ ትልልቅ ቤተሰቦች፣ ኢክኒውሞኒዴና ብራኮኒዴ፣ በአይን በጣም ይመሳሰላሉ። የፊት ክንፋቸው የታችኛው ግማሽ ላይ ወደ ኋላ የሚታጠፉ አቋራጭ ጅማቶች አሉ፣ ኢክኒውሞኒዴ ላይ ከጥቂቶች በስተቀር ሁለት ናቸው፣ ብራኮኒዴ ላይ ሁለተኛው የለም። ከጥርጣሬ ለመውጣት ሆዱን ከላይ እዩት፣ ብራኮኒዴ ላይ ሁለተኛውና ሶስተኛው ሳህን ተጣብቀው አንድ ሆነዋል። ክሽክሽ የሚወጉት የብራኮኒዴ ወገኖች ግን እዚህ ጋ ይለያሉ፣ መገጣጠሚያው ይተጣጠፋል፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የክንፍ ጅማት ከነጭራሹ የለም ለማለት የሚያስደፍር ደቃቅ፣ አንቴናው እንደ ክርን የታጠፈ ተርብ ካገኛችሁ ደግሞ ካልሲዶች ወደሚባሉት የተርብ ቤተሰቦች ሂዱ፣ እዚያ ያለው የቤተሰብ አመዳደብ እ.ኤ.አ. በ2022 በጣም ስለተቀየረ የድሮ መጽሐፍ ላይ ብቻ አትመኩ።

ስለ መጽሐፍ ካነሳን የአውሮፓን መለያ ቁልፍ (ምልክት በምልክት እየመራ ስም ላይ የሚያደርስ መመሪያ) ይዞ የኢትዮጵያን ተርብ መለየት ከባድ ስህተት ነው። ቁልፉ የሚያውቃቸውን ስሞች ብቻ ስለሆነ የሚሰጠው፣ የኛዋ ተርብ እዛ ባትኖርም የሆነ ስም ላይ ያደርሳችኋል። ኮቴሲያ ኢሲፔን ውሰዱ፣ በሳይንስ ስም ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፣ በዛው ዓመት የአሜሪካ ተምች ኢትዮጵያ ገባ፣ የሀገራችን በቆሎ ላይም ተምቹን ስትገድል ተገኘች። ከዛ በፊት በተጻፈ ቁልፍ ብትለዩዋት የግድ የሌላ ኮቴሲያ ስም ትሰጧት ነበር። የአፍሪካ ተርቦችን ለማየት የኬፕታውኑ ኢዚኮ ሙዚየም ያዘጋጀው ዋስፕዌብ የሚባል ድረ ገጽ ጥሩ መነሻ ነው። እስከ ወገን ድረስ ብቻ ከደረሳችሁ "ኮቴሲያ፣ ዝርያው ያልተለየ" ብላችሁ ጻፉ፣ ይሄ ነውር የለውም፣ የተሳሳተ ሙሉ ስም ግን ሰው እየቀዳው ለዓመታት ይዞራል። በስልክ ፎቶ ብቻ ስም የሚሰጥ አፕም ለነዚህ ተርቦች አይሆንም።

አልኮልም ላይ ሁለት ነገር፣ ለዲኤንኤ ከሆነ 95 ፐርሰንቱን ተጠቀሙ፣ ሌብሉን ደግሞ በእርሳስ ጻፉና ጠርሙሱ ውስጥ ክተቱት፣ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይለቃል።

አቃቂ ያሉት እናት አሁን ነጭ ኮኩን ያለበትን ቅጠል ሲያገኙ አይጨፈልቁም፣ ያስቀምጡልኛል። መጀመሪያ ያስቀመጡልኝ ፌስታል ውስጥ ቋጥረው ነበር፣ ስከፍተው ፌስታሉ በላብ ረጥቦ ቅጠሉ ሻግቷል፣ የወጡትም ሁለት ተርቦች ውሃው ላይ ተጣብቀው ሞተዋል። ከዛ ወዲህ በጋዜጣ ጠቅልለው፣ ቀኑን ልጃቸው በእርሳስ ጽፋበት፣ ጥላ ውስጥ ነው የሚያቆዩልኝ።